«አልፈልግም» ያለው ሰፈር

ጎባ ላይ ብርድ የማይቆረጥመው ሰው የለም፤ በረደኝ የሚል ሰው ግን አይገኝም። ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንቋቋ አድሮ፣ ጠዋት ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» «ተመስገን፣ ደህና» ተባብሎ ይተላለፋል። ይህን ጠባይ ከእኅተማርያም አያሌው የበለጠ የሚያውቀው አልነበረም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው በር እያንኳኳች፣ ምን እንዳላቸውና ምን እንደጎደላቸው ስትጠይቅ የኖረች ሴት ናት።

ሥራዋ መረጃ መሰብሰብ ነው። ስለ ክትባት በሉት ስለ ስንዴ ዘር፣ ስለ መጸዳጃ ቤት በሉት ስለ ትምህርት፣ የሚጠና ነገር በመጣ ቁጥር ከሮቤ ይደወልላታል። አንገቱ እስከሚባለው የቡና አገር ድረስ ጭቃ ረግጣ ቡና ለቃሚዎችን ጠይቃለች። ሪራ ጫካ ውስጥ ማር ቆራጮችን ፍለጋ ሁለት ቀን በእግሯ ሄዳለች። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ትናገራለች፤ ገና ከደጅ «አከም ጅርቱ?» ስትል ውሻው ሳይቀር ዝም ይላል እያሉ የሥራ ባልደረቦቿ ይቀልዱባት ነበር። የገባችበት ቤት ሁሉ ያቀረቡላትን ሳትቀምስ፣ የሞተ ካለ ሳታጽናና፣ የታመመ ካለ ሳትጠይቅ ሥራ አትጀምርም። ለዚህ ነው ሌላው ጠያቂ በቀን ስምንት ቤት ሲጨርስ እሷ ከአምስት የማታልፈው።

አባቷ አቶ አያሌው ከመንዝ መጥተው ጎባ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው። በእሳቸው ዘመን ቤቱ የጽድ ሳንቃ ወለል ነበረው፤ እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ነበር። እሳቸው ሞቱ፤ ባሏ ጌታነህም የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ በዲንሾ በኩል ተገልብጦ ሞተባት። ልጅ አላፈሩም። ወለሉ በስብሶ ሳንቃ በሳንቃ ተነቀለ፤ ጓዳው ማፍሰስ ጀመረ። እኅተማርያም ለሥራ የምትለብሰው አንድ ጥቁር ካፖርት አላት። እሱን ለብሳ ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ ያያት ሁሉ የአቶ አያሌው ልጅ ተመችቷታል ይላል። እሷም አንድ ቀን አላስተባበለችም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ የመጣው ጥናት ግን እንደሌሎቹ አልነበረም። የእንግሊዝ አገርን ድህነትና የኑሮ ልዩነት ሲያጠና ብዙ ዓመት የቆየ አንድ የምርምር ማዕከል፣ እዚያ የሠራበትን ዘዴ ባሌ ላይ ሊሞክረው ፈለገ። ሥልጠናው ሮቤ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተሰጠ። አሠልጣኟ ዶክተር ሃሪየት የሚባሉ፣ ነጭ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ያሰሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ አሮጊት ናቸው። የሚያስተረጉምላቸው ከጎጃም መጥቶ ሮቤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ዶክተር ኃይለየሱስ ነው። የጥናቱ አስተባባሪም እሱ ነበር።

ከሠልጣኞቹ አንዱ እጁን አውጥቶ «እንግሊዝ አገር ደግሞ ምን ደሃ አለ?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሃሪየት አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ቁርስ ሳይቀምሱ ትምህርት ቤት ስለሚሄዱ ልጆች ነገሯቸው። በክረምት ቤት ከማሞቅና ከመብላት አንዱን ስለሚመርጡ ሽማግሌዎች ነገሯቸው። የዕርዳታ ምግብ ሲወስዱ ጎረቤት እንዳያያቸው ከሰፈራቸው ርቀው ስለሚሰለፉ ሰዎችም ነገሯቸው። «እናቶች ደግሞ» አሉ፣ «ያለውን ለልጆቻቸው ሰጥተው ‹እኔ በልቻለሁ› ይላሉ።» ያቺን ቃል ከእናቱ አፍ ያልሰማ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

ዘዴው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ የአገሩ ሰው ራሱ ተሰብስቦ፣ ማንም ሰው ሊያጣው የማይገባ ነገር ምን እንደሆነ ይነጋገራል። የጎባ ሰው ሦስት ቀን ተከራክሮ የራሱን ዝርዝር አወጣ፦ ተደራቢ ብርድ ልብስ፣ ውኃ የማያስገባ ጫማ፣ ለእንግዳ የሚቀርብ ነገር፣ የእድር መዋጮ፣ ለክርስቲያኑ ተራ ሲደርስ ማኅበር ማውጣት፣ ለሙስሊሙ ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ለዚያራ መሄድ፣ ሌላም ሌላም። ከዚያ ቤት ለቤት እየተዞረ ስለ እያንዳንዱ ይጠየቃል። መልሱ ሦስት ነው። ቁጥር አንድ፣ አለኝ። ቁጥር ሁለት፣ የለኝም፣ ስለማልፈልገው። ቁጥር ሦስት፣ የለኝም፣ አቅም ስለሌለኝ። ደሃ ተብሎ የሚቆጠረው ቁጥር ሦስት የበዛበት ነው።

ሃሪየት ሥልጠናውን ሲጨርሱ የራሳቸውን ታሪክ አወሩ። «በወጣትነቴ አንድ ድሮ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ቆፋሪ የነበሩ ሽማግሌ ጠየቅሁ። ቤታቸው ውስጥ ካፖርትና ኮፍያ አድርገው ተቀምጠዋል። ስለ ማሞቂያው ስጠይቃቸው ‹አልወደውም፣ ያፍነኛል› አሉኝ። እንዳሉኝ ጻፍኩ። አሁን ብሆን ኖሮ እንዲያ ቶሎ አልጽፍም ነበር።» እኅተማርያም ይህን ደብተሯ ላይ ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት። ማስመር አንድ ነገር ነው፤ ልብ ማለት ሌላ ነው።

ሥራው ተጀመረ። ለእሷ የደረሳት የገዛ ሰፈሯ፣ ከቶጎና ወንዝ በላይ ያለው ዳገታማው የጎባ ክፍል ሆነ፤ በዕጣ የወጣ መቶ አርባ ቤት። በመጀመሪያው ሳምንት ባለ ጋሪው መሀመድአወል ቤት ገባች። በየዓመቱ ሼክ ሁሴን ሳይሄድ የማይቀር ሰው ነው። ፈረሱ ሚያዝያ ላይ እንደሞተበት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለ ዚያራው ስትጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፤ ሚስቱም መሬት መሬት አየች። እኅተማርያም የመጀመሪያዎቹን ሁለት መልሶች አነበበች። ሦስተኛውን መልስ ለማንበብ አፏ አልታዘዝ አላት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዘንድሮስ አላሰኘህም መሰለኝ፤ ቁጥር ሁለት ልበለው?» አለችው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ መሀመድአወል ትንፋሹን እየለቀቀ፣ «ምን ጎድሎብኝ? ዘንድሮ አላሰኘኝም። ቁጥር ሁለት በይው።»

ታብሌቷ ላይ ሁለትን ነካች። ሲሸኛት በኦሮምኛ «ገለቶሚ» ብሎ አመስግኖ እጇን በሁለት እጁ ጨበጠ። ሰውን ሳታዋርድ መጠየቅ የምታውቅ ሴት ናት እየተባለ ወሬው በሰፈሩ ዞረ፤ እሷም በዚህ ደስ አላት። ከዚያ ወዲያ ሰው ባቀረቀረ ቁጥር «አይፈልጉትም መሰለኝ» ትላለች፤ ሰውም ቀና ይላል። መቶ አርባውን ቤት እንዲህ ጨረሰች።

መስከረም ላይ ዶክተር ኃይለየሱስ ቢሮው አስጠራት። ይቀመጡ እስክትባል ቆማ ጠበቀች። ወጣት ነው፤ እናቱ ልትሆን ምንም አይቀራት። በሩን ራሱ ዘጋው።

«እትዬ እኅተማርያም፣ በእርስዎ ሥራ ላይ አንድ ነገር አጋጥሞናል። እርስዎ በጠየቁት ሰፈር ‹አልፈልግም› ያለው ሰው ሌሎቹ ከጠየቁት ሰፈር በሁለት እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ቁጥር መሠረት የእርስዎ ሰፈር ከሮቤም ከቀረው ጎባም የተሻለ ኑሮ ያለበት ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ሰዎቹ ያሉትን ነው የጻፍኩት።»

«እንግሊዞቹ የሚጠይቁት ሌላ ነው።» ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። «በእርግጥ ቤቶቹ ውስጥ መግባትዎን ነው።»

ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ። ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሰው መልስ ከራስ መሙላት በእነሱ ሙያ ከሌብነት ይከፋል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዝናብ በብርድ የሄደችበት እግሯ ያን ጊዜ አሳዘናት። «አንድም ያልገባሁበት ቤት የለም» አለች። «ይዘውኝ ይውጡና ቤት ለቤት እናጣራ።»

«ማጣራቱ አይቀርም። ዐሥራ ሁለት ቤት በዕጣ ወጥቷል። የሚጠይቀው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ቤቱን ያሳዩኛል እንጂ አንድ ቃል አይናገሩም።» ከዚያ ድምፁን ለስለስ አደረገ። «ሌላም ነገር አለ። በዚህ ጥናት ውጤት መሠረት በሚመጣው ዓመት ለአረጋውያንና ለባል አልባ ሴቶች ድጋፍ የሚጀምር ድርጅት አለ። ቁጥሩ እንዲህ ከቀጠለ የእናንተ ሰፈር ከዝርዝሩ ይወጣል።»

ከሮቤ ወደ ጎባ በሚኒባስ ስትመለስ መንገዱ ግራና ቀኝ ስንዴው አረንጓዴ ነበር፤ አላየችውም። የምታስበው ስለ ስሟ ብቻ ነው። ሰፈሩ ከዝርዝር መውጣቱ ያን ቀን አልከነከናትም ብል አልዋሽም። ሰው ስሙ ሲነካ መጀመሪያ የሚያየው ራሱን ነው።

ማጣራቱ ሐሙስ ተጀመረ። ዶክተሩ ይጠይቃል፣ እሷ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ሦስቱንም መልሶች ድምፁን ሳያወጣ ሳያወርድ፣ አንዱን እንደሌላው አድርጎ ያነብባል። ሰዎቹም ያንኑ መለሱ። መሀመድአወል «አላሰኘኝም» አለ። ከታች ያሉት ወይዘሮ ማሚቱ፣ ጫማቸው አፉን ከፍቶ እየታየ፣ «ሌላ ጫማ ምን ያደርግልኛል፤ አልፈልግም» አሉ። በመጀመሪያው ቀን ስድስት ቤት ገቡ፤ ስድስቱም ከእሷ ጽሑፍ ጋር ገጠመ። ዶክተሩ ሲለያዩ በይቅርታ ዓይን አያት። ስሟ ሊነጻ ነው።

ዐርብ ከሰዓት በስምንተኛው ቤት ነው ነገሩን ያስተዋለችው። ባለቤቲቱ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዶክተሩን አታየውም፤ በሩ አጠገብ ወደተቀመጠችው ወደ እሷ ነው የምታየው። አይታ፣ ትንሽ ፈገግ ብላ፣ «አልፈልግም» ትላለች። በዘጠነኛውም በዐሥረኛውም ቤት እንዲሁ ሆነ። እሷ ራሷ ያበደረቻቸውን ቃል ነበር የሚመልሱላት። ባለፈው በለሆሳስ የሰጠቻቸውን መሸፈኛ እሷን ላለማሳፈር ይዘው ቆይተዋል። እኅተማርያም ካፖርቷ ውስጥ አላባት። ዛፍ ሥር ተቀምጣ ብትሞላው ኖሮ ቢያንስ የዋሸችው እሷ ብቻ ትሆን ነበር።

ዐሥራ ሁለተኛው ቤት የእትዬ ሸዋርጋ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በእኅተማርያም እናት ዘመን እነ እኅተማርያም ቤት ይወጡ ይገቡ የነበሩ ሴት ናቸው። እሳቸውም እኅተማርያምም የሃያ አንዷ የማርያም ማኅበር አባል ነበሩ። እትዬ ሸዋርጋ ከሦስት ዓመት በፊት ተራቸው ሊደርስ ወር ሲቀረው «ጉልበቴ አላስቀምጥ አለኝ» ብለው ከማኅበሩ ቀሩ። እኅተማርያም ደግሞ በዓመቱ፣ የእሷም ተራ ሊደርስ ሲል፣ «ሥራው ፋታ ነሳኝ» ብላ ቀረች። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ እሷ ስለ ጉልበታቸው ትጠይቃለች፣ እሳቸው ስለ ሥራዋ ይጠይቃሉ። አንዳቸው የሌላውን ምክንያት አምነው እንደተቀበሉ ያህል ነው የሚለያዩት።

ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። እትዬ ሸዋርጋ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ያላቸውን አንድ ወንበር ለዶክተሩ አቀረቡ። እሳቸው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ቤቱ ውስጥ እሳት የለም።

«ተደራቢ ብርድ ልብስ አለዎት? የለዎትም፣ ስለማይፈልጉት? ወይስ የለዎትም፣ አቅም ስለሌለዎት?»

አሮጊቷ ወደ በሩ አዩ። «አልፈልግም ልጄ። ብርድ ልብስ ሲደረብ ይከብደኛል፤ ያፍነኛል።»

ያፍነኛል። እኅተማርያም ሮቤ አዳራሽ ውስጥ ያሰመረችበትን አስታወሰች። የማታውቀው አገር ሽማግሌ፣ የማታውቀው ከሰል ማዕድን፣ ያ ካፖርት፣ ያ ኮፍያ። ከባሕር ማዶ ያለ ሰውና እትዬ ሸዋርጋ አንዱን ቃል ተካፍለው ብርዳቸውን ሸፍነውበታል፤ ሁለቱንም እንዳሉት የጻፈ ሰው አልጠፋም። አዘነች። በራሷ ላይ እንዲህ አዝና አታውቅም።

«ተራዎ ሲደርስ ማኅበር ያወጣሉ?» ዶክተሩ ቀጠለ።

«ማኅበሩን ትቻለሁ፤ አልፈልግም። ጉልበቴ ነው።»

ዶክተሩ ሁለትን ነካና ወደ እኅተማርያም ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። ዐሥራ ሁለቱም ገጥሟል። ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር፤ ስሟ ነጽቶ፣ የሚቀጥለው ጥናት ሲመጣ ስልኳ ጮሆ፣ እሷ በካፖርቷ ሰፈሯ በብርዱ ይቀጥሉ ነበር።

«ዶክተር» አለች፣ «እኔን ይጠይቁኝ።»

«እንዳይናገሩ ተነጋግረን ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። ይጠይቁኝ። እኔም የዚህ ሰፈር ነዋሪ ነኝ።»

«እርስዎ በናሙናው ውስጥ የሉም፤ ደግሞ ሌላ ተጠያቂ ባለበት…»

«እንግዲያስ ሳይጠይቁኝ ልናገር።» ብድግ አለች። ካፖርቷን አወለቀች፤ ለምን እንዳወለቀችው እሷም አታውቅም። ከሥሩ የለበሰችው ሹራብ ክርኑ ላይ ተቀዶ በሌላ ቀለም ክር ተጥፏል። «ተደራቢ ብርድ ልብስ የለኝም። ቁጥር ሦስት። ማታ ማታ ይህን ካፖርት ነው የምደርበው። ውኃ የማያስገባ ጫማ የለኝም፤ ቁጥር ሦስት። ለእንግዳ የማቀርበው ስለሌለኝ ሰው በሬን ሲያንኳኳ የሌለሁ መስዬ ዝም የምልበት ቀን አለ፤ ቁጥር ሦስት።»

«እኅቴ፣ ተይ» አሉ እትዬ ሸዋርጋ። «ምን ነካሽ? በሰው ፊት?»

«ማኅበር» አለች እኅተማርያም። አጠገቧ ያለውን ምሰሶ ያዘች። «ማኅበሩን የተውኩት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም እትዬ ሸዋርጋ። ሥራ ይበዛል እንዴ እዚህ አገር? ተራዬ ደረሰ፤ ጠላውን የምጠምቅበት ጌሾ፣ ዳቦውን የምጋግርበት ዱቄት አልነበረኝም። የአያሌው ልጅ አጣች እንዳልባል ነው የቀረሁት። ቁጥር ሦስት ነኝ። በየቤቱ እየዞርኩ ደግሞ ‹አይፈልጉትም መሰለኝ› እያልኩ ለሰው ሁሉ ሁለትን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እኔን የሸፈነኝ እነሱንም የሚሸፍን መስሎኝ።»

ዶክተር ኃይለየሱስ ታብሌቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ ደጁን ሲመታ ይሰማል።

እትዬ ሸዋርጋ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው አስቀመጡ። ያን ሲያደርጉ እጃቸው አይቸኩልም። ከዚያ ዶክተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩት።

«ልጄ፣ ያችን የማኅበሩን ጥያቄ እንደገና ጠይቀኝ።»

«ተራዎ ሲደርስ ማኅበር ያወጣሉ?»

«አላወጣም። ጉልበቴስ ደህና ነው፤ ያላስቀመጠኝ እጦቱ ነው። እንዲያ ብለህ ጻፈው።» በጣታቸው ወደ ታብሌቱ ጠቆሙ። «ብርድ ልብሱንም መልሰህ ጠይቀኝ።»

ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉንም እንደገና ጠየቃቸው። አንዱንም አልሸሹት። እኅተማርያም እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች በሩ ላይ ቆማ ሰማች። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እውነተኛ መልስ ሲሰጥ የሰማችው የዚያን ቀን ብቻ ነው ማለት ግፍ ይሆናል፤ ግን እንዲያ ተሰማት።

ደጅ ሲወጡ ዶክተሩ ጃንጥላውን ዘረጋላት። «እንደ ሕጋችን ይህ መልስ አይቆጠርም» አለ። «አንዱ ተጠያቂ የሌላውን ሰምቶ የሰጠው ነው። እርስዎም ያደረጉትን በግልጽ ተናግረዋል። መጻፍ አለብኝ።»

«ይጻፉ» አለች። «ሳይሸራርፉ ይጻፉ።»

ከዶክተር ሃሪየት መልስ የመጣው በጥቅምት ማለቂያ ነው፤ ዶክተሩ ጎባ ድረስ መጥቶ አነበበላት። መቶ አርባውም መጠይቅ ተሰርዟል። ሰፈሩ ለጊዜው ከዝርዝሩ አልወጣም፤ ከሰፈሩ ሰው ጋር ትውውቅ በሌላቸው ጠያቂዎች እንደገና ይጠየቃል። እኅተማርያም ሰዎችን ወደ መልሱ ስለመራች በጥናቱ ልትቀጥል አትችልም። ከታች ዶክተር ሃሪየት በራሳቸው እጅ አንድ መስመር ጨምረው ነበር፦ «እኔ ወደዚያ ሽማግሌ ቤት አልተመለስኩም። እርስዎ ተመልሰዋል።» እኅተማርያም ወረቀቱን ተቀብላ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የሚያጽናና ቃል ነው፤ ዱቄት ግን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ስልኳ አልጮኸም። በሙያው ውስጥ ወሬ ቶሎ ይዞራል፤ ሌሎቹም ጥናቶች ሌላ ሰው ፈለጉ። በሰፈሩም የተቀየማት ነበር። ወይዘሮ ማሚቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሰው እየሰማ «የአቶ አያሌው ልጅ ለማኝ አድርጋ አስጻፈችን» አሏት። መሀመድአወል ግን አላኮረፈም። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቷት ጎን ለጎን ብዙ ሲሄዱ ቆዩና፣ ሲለያዩ «ሼክ ሁሴን እሄድ ነበር እኮ፣ ፈረሴ ቢኖር» አላት። «አውቃለሁ» አለችው።

በኅዳር መጀመሪያ እትዬ ሸዋርጋ ሳይጠሩ መጡ። እኅተማርያም ስታንጎራጉር ከውጭ ስለሰሟት የሌለች መምሰል አልቻለችም፤ ከፈተችላቸው። ያፈሰሰውን ጓዳ፣ ሳንቃው የተነቀለውን ወለል ዙሪያውን አዩ። ቁጭ ብለው «ሁለታችን አንድ ማኅበርተኛ አንሆንም?» አሉ። «ጌሾ ከልጅ ልጄ አገኛለሁ፤ ጠላው በእኔ። አንቺ ዳቦውን ብቻ ቻዪው። ሊቀ መንበሯን አነጋግሬያታለሁ። ቤቱ የኔ ይሁን፣ የኔ አያፈስም።» በኅዳር ሃያ አንድ ሁለቱ ተዳብለው ማኅበር አወጡ። ዳቦው አነስ ያለ ነበር፤ ለሁሉም ደረሰ። የማኅበሩ ሴቶች ሲወጡ አንዷ ዱቄት፣ ሌላዋ ስኳር በር ሥር ትተው ሄዱ። ሌሎች ሁለት ሴቶችም እንዲሁ ተዳብለው ለመመለስ ጠየቁ። እነሱም «አመም ስላደረገን» ብለው ከቀሩ ቆይተዋል።

ጥር ላይ አዲሶቹ ጠያቂዎች ሰፈሩን ማዳረስ ጀመሩ። እትዬ ሸዋርጋ የተጠየቁ ዕለት ማታ በአጥር በኩል «እንደሆነው ተናገርኩ» ብለው አለፉ። በማግስቱ የእኅተማርያም በር ተንኳኳ። ከዶዶላ የመጣች፣ ጸሎት የምትባል፣ ገና ሃያ አምስት ያልሞላት ልጅ ናት። የዚህኛው ዙር ዕጣ የእኅተማርያምን ቤት አውጥቶት ነበር። ልጅቷ ስለ እሷ የምታውቀው የለም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአቶ አያሌውን ፎቶ፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን ጥቁር ካፖርት አየች፤ በአክብሮት የመቀመጫው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

እኅተማርያም የምታቀርብላት ቆሎ ነበራት፤ አቀረበች። ልጅቷ ቀመሰች። ገና ሳትጀምር የቤተሰቧን ጤና ጠየቀች፣ ስለ ባሏ ስትሰማ አዘነች። ደግ ልጅ ናት፤ እኅተማርያም የገዛ ወጣትነቷን ስታይ ልቧ ተነካ።

«ተደራቢ ብርድ ልብስ አለዎት?»

«የለኝም።»

ልጅቷ ቀጥሎ ያለውን ማንበብ ነበረባት። ካፖርቱን አየች፣ ፎቶውን አየች፣ የተነቀለውን ወለል አየችና አቀረቀረች። ጣቷ ታብሌቱ ላይ ተንሳፎ ቀረ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በጣም በትሕትና፣ «አይፈልጉትም መሰለኝ እትዬ፤ ቁጥር ሁለት ልበለው?» አለች።

እኅተማርያም እጇን ሰዳ የልጅቷን አገጭ ቀና አደረገች።

«አይ ልጄ» አለቻት። «እፈልገዋለሁ። የለኝም እንጂ እፈልገዋለሁ። ሦስተኛውን አንብቢልኝ፤ ጮክ ብለሽ አንብቢው።»